ተናኘወርቅ ያስታረቀችው ዳኛ

ቤዝቦል የለከፈኝ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነው። አንድ ጃፓናዊ ባልደረባ ነበረኝ፤ በምሳ ሰዓት በስልኩ ሲያይ አጠገቡ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። እሱ አገሩ ገባ፣ በሽታው እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ውስጥ እንደ እብድ ብቻዬን ቴሌቪዥን ላይ የምጮህ ሰው ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ስለ ኳስ ሲያወሩ አፌን ስከፍት «ኃይለመለኮት ደግሞ ጀመረው» ይሉኛል። የሚካፈለው ሰው የሌለው ደስታ ያንቃል።

ስለዚህ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ክሎተን ውስጥ የአራት አገሮች የቤዝቦል ውድድር እንዳለ ስሰማ ባለቤቴን ተናኘወርቅን ደጅ ጠናኋት።

«አንድ ጊዜ እመጣለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «ካልጣመኝ ግን ሁለተኛ የዚህን ነገር ስም ቤቴ ውስጥ እንዳታነሳብኝ።»

«እሺ» አልኩ። ምን ልበል?

ከጄኔቭ እስከ ዙሪክ ባቡር ውስጥ «ዓለም አቀፍ ውድድር እኮ ነው» እያልኩ ስደሰኩር ስለነበር፣ ሜዳውን ስታይ ዞር ብላ ገላመጠችኝ። እውነቷን ነው። ሜዳው ባንድ በኩል ያዘቀዝቃል። የውጤት ሰሌዳው ተበላሽቶ አንዲት ሴት በጠመኔ ትጽፋለች። አንደኛው ቡድን ሰው ጎድሎበት የአውቶቡሱን ሾፌር አሰልፏል። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ዳኛው የሚለው አይሰማም። ተመልካቹም ቢበዛ የአንድ ጽዋ ማኅበር ያህል ነው።

እኔ ግን ፈነደቅኩ! ዱላው ኳሷን ሲያገኛት የሚሰማው ድምፅ ሆዴ ድረስ ገባ። ሾፌሩ እንኳ አንዷን ሲመታ ተነስቼ ጨፈርኩ። ተናኜ ቦርሳዋን ታቅፋ ሰዓቷን ታያለች።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚቆሙት?»

«እያሰቡ ነው።»

«ቤታቸው አስበው አይመጡም?»

አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ጨዋታው ሊያበቃ ሲል የስዊዙ ሯጭ በደረቱ እየተንሸራተተ መጣ። ሯጭ ሜዳውን ዞሮ መነሻው ላይ መሬት የተነጠፈችውን ነጭ ሰሌዳ ሳይያዝ ከነካ ነጥብ ነው፤ ይህን ባቡር ውስጥ ነግሬያታለሁ። ዳኛው ግን ተይዟል ብሎ ቡጢውን አነሳ። አሰልጣኙ ቆቡን ወርውሮ ሮጠ፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ይጯጯሁ ጀመር። ይህ የጨዋታው ወግ ነው፤ ይጮሃሉ፣ ይበርድላቸዋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ይህን ላስረዳት ዞር ስል ወንበሯ ባዶ ነው።

ተናኜ ሰው ሲጣላ አይታ ቁጭ የምትል ሴት አይደለችም። ነጠላዋን እያስተካከለች ሜዳው ውስጥ እነሱ ጋ ደርሳለች።

«በማርያም! ስለ እመብርሃን! ተዉ እንጂ ልጆቼ!»

በአማርኛ ነው። ጀርመንኛ አታውቅም፤ ፈረንሳይኛውም በድንጋጤ ጠፍቶባታል። መሃላቸው ገብታ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያዘች። «ተሳሳሙ!» ብላ አንገታቸውን ስባ አገናኘቻቸው። ሁለቱ ግዙፍ ሰዎች ምን ያድርጉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ተመልካቹ በሳቅ ፍርስ አለ። እኔም ማፈሩን ረስቼ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

ዳኛው ራሱ ሳቁን መያዝ አቅቶታል። ደንብ ግን ደንብ ነው፤ ሜዳ የገባ ተመልካች ይወጣል። በእጁ በሩን አሳያት፤ እሷም ተባረረች፣ እኔም ተከተልኳት።

ከአጥሩ ውጭ ስንቆም ሳቄ ጠፋ። አንድ ጊዜ ብላ መጣች፣ በአንድ ጊዜው ተባረረች። ከእንግዲህ ቤዝቦል ለእኔ የቤቴ ነውር ነው።

«በይ ባቡራችንን እንያዝ» አልኳት አንገቴን ደፍቼ።

«ቆይ እስቲ።» በሽቦው ቀዳዳ አጮልቃ እያየች ነው። «ያ ሯጭ ሰሌዳዋን ከነካ ነጥብ ነው አላልከኝም?»

«ነው።»

«ነክቷል እኮ! ስገላግል እግሬ ስር የእጁን ምልክት አይቻለሁ። ሰሌዳዋ ላይ በአፈር ቁልጭ ብሎ!»

ያን ጊዜ ዳኛው ሌላ የስዊዝ ሯጭ ተይዟል ብሎ ቡጢውን አነሳ። ተናኜ ሽቦውን በሁለት እጇ ነቀነቀችው።

«አንተ ዕውር! መነጽር የለህም?»

«ተናኜ! አሁን አይደል እንዴ ያስታረቅሻቸው?»

«ታረቁ አልኩ እንጂ ይቅጠፍ አልኩ?»

ስንት ዓመት ዳኛ ስሳደብ ከጎኔ ሆኖ የሚያግዘኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ሽቦውን ይዤ አብሬያት ጮህኩ።