በስፌት መኪናው ሆድ ሥር

ለመላው የላፍቶ ነዋሪ! የጓዲት ፅጌረዳ በንቲ የስፌት መኪና ቁጥር 142857 መሆኑን ስናበስር ከፍ ያለ አብዮታዊ ደስታ ይሰማናል።

ደስታው ላቀውን አይመለከትም። ላቀው የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ለመጪው ቅዳሜ ፅጌረዳ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል። ቁጥሩ የተቀረጸው ከመኪናው ሆድ ሥር ነው፤ ካላጋደሉት ወይም ሥሩ ገብተው ካልተንጋለሉ አይታይም። ላቀው ያን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስ አንድም ቀን አላየውም። ያየው ዋቅቶላ ነው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሂሳብ የሚያስተምረው የፉሪው ዋቅቶላ።

«ዘይት ሊያጠጣልኝ ነው ያጋደለው» አለች ፅጌረዳ እጅጌ እየሰፋች። «ላቄ፣ በሁለት ብታበዛው እኮ 285714 ነው። በሦስት 428571። እስከ ስድስት ድረስ ያው እነሱ ናቸው የሚዞሩት። ዋቅቶላ ምን አለ መሰለህ? ‹ልክ እንደ ቀበሌያችን ሹማምንት! ወንበር ይቀያየራሉ እንጂ አዲስ ሰው አያስገቡም!›»

ሳቋ ስፌቱን አጣመመባት። ላቀው አልሳቀም።

«በሰባትስ?»

«999999! እሱንም ነግሮኛል።»

እሱንም! ላቀው ቤቱ ገብቶ ከቁጥሩ ጋር ግብግብ ገጠመ። ደመረው፣ አካፈለው፣ ሰደበው። በመጨረሻ ለሁለት ሰነጠቀው፦ 142 ሲደመር 857፣ 999! ይቺን ደግሞ ዋቅቶላ ከየት አባቱ ያውቃታል? በማግስቱ የጠመኔውን ብናኝ ከኮቱ ሳያራግፍ ላፍቶ ከተፍ አለ።

«አውቃለሁ» አለች ፅጌረዳ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «አንድና ስምንት፣ አራትና አምስት፣ ሁለትና ሰባት። የአንዱን ጉድለት ሌላው እየሞላ ዘጠኝ ይሆናል። ‹ሰውም የሚጣመረው እንዲህ ነው› ብሎኛል።»

«ማነው ያለሽ?»

«ማን ይሆናል?» ብላ ክር ልትገዛ ወጣች።

አባቷ አቶ በንቲ ከማሳ ሲመለሱ ከመኪናው ሥር ሁለት እግር ወጥቶ አዩ። ከውስጥ ቂርር፣ ቂርር የሚል የሞረድ ድምፅ ይሰማል።

«ላቀው! ቅዳሜ ሽማግሌ የምትልክብኝ አንተ አይደለህም እንዴ? እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ሰባቷን እየፋቅኋት ነው።»

«ሰባት ደግሞ ምን አደረገችህ?»

ሰባቷ ከጠፋች ሁለት ያለ ጥንድ ትቀራለች፤ የዋቅቶላም ነገር አብሮ ይፈርሳል። ይህንን ግን በምን አፉ ይናገረው?

«እንግዲያው ስማ» አሉ አቶ በንቲ። «የልጄን እንጀራ ለምን እንደምትሞርድ አሁኑኑ ካላስረዳኸኝ፣ ሽማግሌዎችህ በከንቱ እንዳይደክሙ ንገራቸው።»

ላቀው የብረቱን ብናኝ ከዓይኑ ጠረገ። ሞረዱን መልሶ አነሳ።

«አላስረዳም፣ ጋሽ በንቲ።»