የእሱ የተባለችው ጨረቃ

...ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ነው ጨረቃ ፎቶ መነሳት ያለባት፣ ከጨለመማ ነጭ ድፍን ትሆናለች፣ ፊት የላት ምን የላት፣ ይህን ማን ነገረኝ፣ ማንም፣ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ የተዳረችን ማን ያስተምራል፣ ሶን ኩል ሐይቅ ዳር ልጄን በርመትን እያጠባሁ፣ እያበላሸሁ፣ እንደገና እየሞከርኩ ነው ያወቅሁት።

ከቢሽኬክ የመጡት እንግዶች ከሱፍ ድንኳናችን ፊት ተደርድረዋል። የተሸለመውን የጨረቃ ፎቶ ያነሳው ሰው ዛሬም ሲያነሳ ሊያዩ። ያነሳው ሰው፣ እህ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ካሜራው የእሱ፣ ጣቱ የእኔ፣ ወደ ውድድሩ የላከው በራሱ ስም፣ ይላክ፣ እሱ አይደለም ያንገበገበኝ። ያንገበገበኝስ ባሌ ነው፣ የልጄ አባት። አምና ሳነሳት እዚሁ አጠገቤ ቆሞ፣ ወጣች ወጣች እያለ የዘለለው። ትናንት ያነሳችው እሷ ናት በል ብለው፣ ታላቄ ነው ምን ልበል፣ ደሞ ያው ከአንድ ቤት የወጣ የቤቱ ነው፣ ስም ይበላል እንዴ።

ስም አይበላም። እሺ።

አማቴ ለእንግዶቹ፣ ይሄ ልጅ ከሕፃንነቱ ዓይኑ ልዩ ነበር፣ ለእኔ ደግሞ፣ አንቺ ምን ተገተርሽ፣ የባዝራዋን ወተት ቅጂ እንጂ። እቀዳለሁ። ሽበት ያላት እንግዳ ጽዋውን ስትቀበለኝ፣ የኔ እህት፣ ያቺን ፎቶ ሲያነሳ አይተሻል፣ ስትለኝ አፌን ከፈትኩ፣ ባሌ ቀደመኝ፣ ኧረ እሷ ልጇን አቅፋ ተኝታ ነበር።

ተኝታ። ፈገግ ብሎ።

የጨረቃዋ ጠርዝ ከተራራው ላይ ብቅ አለ፣ ቀይ፣ ከታች ውሃው ላይ ሌላዋ፣ ሰውየው ካሜራው ላይ አጎነበሰ፣ ያዞራል፣ ይነካካል፣ ጠቆረብኝ ይላል፣ ክዳኑ፣ አምላኬ፣ የሌንሱን ክዳን አላነሳም፣ ባሌ ጆሮዬ ሥር፣ ሂጂ፣ ወተት የምትሰጪው መስለሽ አስተካክዪለት፣ አታዋርጂን በናትሽ፣ አታዋርጂን፣ እኛ ማን ነን፣ እኔ ውስጡ አለሁበት? አምስት ዓመት የዚህን ሰው ስም አንዴ አልጠራሁም፣ ምራት የባሏን ታላቅ በስም አትጠራም፣ ታላቁ እላለሁ፣ እርስዎ እላለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ጨረቃዋ ግማሽ ወጣች፣

ኩባትቤክ! ክዳኑን አንሳ!

የእኔ ድምፅ ነው። አማቴ እጇ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ፣ አንድ እንግዳ ሳቅ አመለጠው፣ ሰውየው ክዳኑን ያነሳል፣ ጨረቃዋን የሚያይ የለም፣ ሁሉም ዞሮ እኔን፣ ሽበታሟ ሴትዮ አንዴ እኔን አንዴ ካሜራውን። ባሌን አየዋለሁ። ሁለት ቃል ናት፣ እሷ ናት፣ ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም፣ በል እንጂ፣ አሁን እንኳ በል፣ መሬት መሬቱን ያያል፣ በጫማው ጫፍ ጠጠር ይገፋል፣ ይገፋል፣