አሥራ አራተኛው ቀዳዳ

የታማሚዎች ካርድ የሚያሳየው ፕሮግራም ሐሙስ ለጤና ጣቢያዎች ሊላክ ነበር። በቤተ ሙከራው ውስጥ እንደ መብረቅ ይፈጥናል። የኔትወርክ ባለሙያዋን እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው። ታላቅ እህቷ ሩቅ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

«ያለፈውን ፕሮግራም አስታውሺ፣ ሚጣዬ» ብላታለች በስልክ፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላትም ለእህቷ ያው ሚጣ ናት። «አንድ ካርድ እስኪከፈት ሕፃኑ አልቅሶ፣ ተኝቶ፣ ነቅቶ ደግሞ ያለቅስ ነበር። ወደ ደብተራችን ተመለስን። ይኼም እንደዚያው ከሆነ ተዉት።»

ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው «ጥይት» ይሉታል፤ እጁም አፉም ፈጣን ነው።

«አንቺ ደግሞ ክፉ ክፉው ነው የሚታይሽ» አላት።

«እዚህ ገመዱ ሦስት ሜትር ነው። እዚያ መስመሩ ተራራ ወጥቶ ይወርዳል።»

ሥራ አስኪያጁም «ማስረጃ ካለሽ አምጪ፤ ከሌለሽ ሐሙስ ይላካል» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣች። መደርደሪያው ላይ ያለውን ስዊች፣ የቢሮው ኮምፒውተሮች ገመድ ሁሉ የሚሰካበትን ባለ ብዙ ቀዳዳ ሣጥን፣ በትእዛዝ ለሁለት ከፈለችው። ዕቃው ያው አንድ ነው፤ ቪላን የሚሉት አሠራር ግን መሐሉ ላይ የማይታይ ግድግዳ ያቆማል፤ የወዲያኛው ወገን ኮምፒውተር የወዲህኛውን አያየውም። ለግድግዳው አንዲት በር ተወችለት፤ በሩ ላይም ጡረታ የደረሰ አሮጌ ኮምፒውተር አቆመች። ሥራው እንደ እህቷ መስመር የሚያልፈውን መረጃ ሁሉ ማዘግየት፣ አንዳንዱንም መንገድ ላይ መጣል ነው። ምን ያህል እንደሚያዘገይ የነገረቻት እህቷ ናት፤ በግድግዳ ሰዓት እየለካች።

ጥይት በቀርፋፋው ወገን ነው በተባለው የሙከራ ኮምፒውተር ካርድ ከፈተ። እንደ ወትሮው ከች አለ።

«በይ፣ የታለ ቀርፋፋሽ?»

ግራ ገባት። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነካካች ሳለ ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገቡ።

«ለእንግዶች ላሳይ ብዬ ፕሮግራሙን ስለማመድ አንድ ካርድ አልከፈትም አለኝ። ያ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል። ሻይ አዝዤ ጠጣሁ፤ አሁንም ይዞራል።»

ትእዛዟን አየች። የሙከራው ኮምፒውተር የተሰካበትን አራተኛውን ቀዳዳ ልትል አሥራ አራተኛውን ብላለች። ቢሮው ሲታደስ የሥራ አስኪያጁ መስመር «ለጊዜው» ተብሎ እዚያ ተሰክቶ ነበር፤ ያ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቁጥር ብታስተካክል ማንም አያውቅባትም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ተሳስቼ እርስዎን እህቴ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስቀምጬዎታለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«እህትሽ በየቀኑ እንዲህ ነው የምትሠራው?»

«ይኼ መስመሩ ደህና የዋለበት ቀን ነው።»

የሥራ አስኪያጁ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

«የሐሙሱ ቀርቷል፤ አንድ ሳምንት ጨምሩ። እስከዚያ እኔን ከዚያ እንዳታወጪኝ። ጥይትንም አምጥተሽ ከጎኔ አስቀምጪልኝ፤ ብቻዬን አልሠቃይም።»

ጥይት በቀርፋፋው መስመር ሁለት ቀን ሲያቃስት ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ጉዱን ደረሰበት፦ ፕሮግራሙ የታማሚውን ስም ከማሳየቱ በፊት የካርዱን ፎቶዎች በሙሉ ይጎትታል። ስሙና መድኃኒቱ እንዲቀድሙ፣ ፎቶው በኋላ ቀስ ብሎ እንዲመጣ አደረገው። ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ «እኛ ጤና ጣቢያ ዛሬ እንዴት አደረ?» እያሉ ይሞክራሉ። ማክሰኞ ዕለት መነጽራቸውን አውርደው ሳይጨርሱ ካርዱ ተከፈተ።

በተከታዩ ሐሙስ ተላከ። ዓርብ ረፋድ ላይ እህቷ ደወለች። ከኋላዋ ሕፃን ልጅ እሪ ይላል።

«ተከፈተ፣ እትዬ?»

«እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ።»

«ታዲያ ልጁ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?»

«መርፌውን አይቶ ነዋ። እንግዲህ ለእሱ ደግሞ ፈጠንንበት።»