የዓሚ ኻሚስ ዓሣ

እንዴት አድርጎ ይዋጠው ታዲያ፣ ሚስቱ ሠናይት ዓሣውን ጠብሳ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ ፊቱ አቅርባለታለች፣ ናሁ፣ ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል፣ ትለዋለች፣ የምትሠራበት ሆቴል በኮሮና ተዘግቶ ከሥራ ከቀረች ወዲህ እንዲህ ፊቷ ፈክቶ አያውቅም፣ ዓሚ ኻሚስ ናቸው እኮ ያመጡልን፣ ትላለች፣ ሽማግሌው አጥማጅ፣ መንደሩ ሁሉ ዓሚ፣ አጎቴ፣ የሚላቸው፣ በር ላይ አስቀምጠው ፈንጠር ብለው ቆሙ፣ ፍሉስ፣ ገንዘብ፣ ስዘረጋላቸው ማፊ፣ አይሆንም፣ አሉኝ፣ ባልሽ ባሕራችንን በንጽሕና የሚጠብቅልን ሰው ነው አሉ።

በንጽሕና የሚጠብቅ።

ናሁሰናይ እንጀራ እንደሚቆርስ ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ይመልሳል። ኢንጂነር ነው እሱ፣ በአረብ አገር፣ ከሲብ ከተማ አልፎ ባሕሩ ጫፍ ላይ ላለችው ለዚች የአጥማጆች መንደር የፍሳሽ ማጣሪያ ኢንጂነር፣ አገር ቤት ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት የውሃ ሥራ ነው ይላል፣ ደግሞም አልዋሸም፣ ከየቤቱ መጸዳጃ የሚመጣውን ተቀብሎ፣ ገንዳ ውስጥ አየር እየነፋበት፣ አጣርቶ፣ ለመንገድ ዳር ዛፎች ውሃ አድርጎ ይልካል፣ የውሃ ሥራ ነው። ነበር። አየር መንፊያው ማሽን እስኪቆም።

የቆመው ሰኞ ነው፣ መለዋወጫው ሩሰይል መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ መንገዱ በፖሊስ ተዘግቷል፣ ገንዳው አፉ ድረስ ሞልቷል፣ ሰው ቤቱ ከተከተተ ወዲህ መንደሩ ሲታጠብ ነው የሚውለው፣ እጅ፣ ሳሙና፣ ደግሞ እጅ፣ አለቃው በድረዲን ከአል ኹዌር ቢሮው በስልክ፣ ያላ ክፈተው፣ ወደ ባሕር ልቀቀው፣ አለዚያ በየሰዉ ቤት ተመልሶ ይገባል፣ እሺ፣ ለመንደሩ ሰው ልንገር ወይ፣ አለው፣ አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ፣ በዚህ ወረርሽኝ ላይ ሌላ ሽብር ልትነዛ ነው፣ ጥቂት ቀን ነው፣ ባሕር ሰፊ ነው፣ ኻላስ።

ባሕር ሰፊ ነው። በገዛ እጁ ነው መዝጊያውን ያዞረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቡናማው ውሃ ከቧንቧው ሲፈነዳ ጀርባውን ሰጠው፣ መክፈቱስ ግድ ነበር፣ ማንም ኢንጂነር ይከፍተዋል፣ ይህን ለማንም በኩራት ያስረዳል፣ ማግስቱን ግን፣ ማግስቱን ምን ይለዋል፣ ዓሚ ኻሚስ መንገድ ላይ አስቁመውት ያ ሙሃንዲስ፣ አንተ ኢንጂነር፣ ባሕሩ ዛሬ ይሸታል፣ ምን ሆኖ ነው፣ አሉት፣ የባሕር አረም ነው ዓሚ፣ ሙቀቱ አበስብሶት ነው፣ አላቸው፣ አልሐምዱሊላህ እኔም ሰግቼ ነበር ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉለት። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነበር። ጭምብል እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው።

ሠናይት እሾኹን ትለቅማለች፣ ነጩን ሥጋ ቆርሳ ወደ አፏ፣ ተዪ፣ ይላታል፣ ምኑን፣ አትብዪው፣ እንዴ፣ ለምን፣ ዓሣው ምንም ላይሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል እያለ ሊያጎርሳት ነው፣ ፍሳሹን ወደ ባሕር ከፍቼዋለሁ፣ ይላል፣ ሳይጣራ፣ እንዳለ። ጉርሻውን ታስቀምጣለች፣ ከመቼ፣ ከሰኞ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው ናሁ፣ ለሰዉ ነግረሃል፣ ሳህኑን ገፋ ያደርጋል፣ ናሁ፣ ነግረሃል ወይ፣ ዓይኗን ከእሱ ላይ አንስታ ስልኩ ላይ ታሳርፋለች፣ ለዓሚ ኻሚስ ደውልላቸው።

ምን ብዬ።

አሁን ለእኔ ያልከኝን ብለህ።

ሽማግሌው እንደ አመላቸው ሰላምታ ያበዛሉ፣ ቤት ደኅና፣ ሚስት ደኅና፣ ዓሣው ጣፈጠ፣ በመሀል መግቢያ የለም፣ ዓሚ፣ አረም አልነበረም፣ ቆሻሻው ነው፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ እያወቅሁ ነው የዋሸሁዎት። ሰዉ ፈርቶ ከውሃው ርቆ ነበር እኮ፣ ይላሉ፣ እኔ ነኝ በየቤቱ ዞሬ ኢንጂነሩ አረም ነው ብሏል፣ አትፍሩ፣ ያልኩት፣ ልጆቹም ሴቶቹም አሁን እዚያው ናቸው፣ የእኔን ቃል ይዘው ነው የገቡት። ዓሚ ይቅር፣ ሳይጨርስ፣ ና፣ ይሉታል፣ ና ራስህ ንገራቸው።

ሳንዳሉን እንኳ በትክክል ሳያደርግ ወደ ባሕሩ ዳር ሮጧል፣ አሸዋው ያቃጥላል፣ ሴቶቹ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሰርዲን ያጥባሉ፣ ልጆቹ ይንቦጫረቃሉ፣ ዓሚ ኻሚስ ራቅ ብለው ቆመዋል፣ አያዩትም፣ ውጡ፣ ይላል በተሰባበረ አረብኛው፣ ውጡ፣ ባሕሩ ቆሽሿል፣ ዓሊያ፣ የሽማግሌው ምራት፣ ቀና ብላ፣ አረም ነው አላሉንም፣ ምን ማለቱ ነው፣ ብላ ወደ አማቷ ትዞራለች፣ እሳቸው ግን፣ እሱን ጠይቂው፣ ይሏታል። ይጠይቁት እሱን። የየቤታችሁ መጸዳጃ ነው፣ እዚህ የለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁም እኔ ነኝ፣ እሳቸው አያውቁም ነበር፣ እሳቸው አላወቁም፣ ይደጋግመዋል፣ ሌላው አረብኛ ሁሉ ከአፉ ጠፍቷል።

ማንም አይሰድበውም። ዓሊያ የታጠበውን ሰርዲን ከነሳፋው አሸዋው ላይ ትደፋዋለች፣ ቤተሰብ ሙሉ የሚያበላ ዓሣ፣ ልጆቹን በክንዳቸው እየጎተተች ታልፈዋለች፣ በሰፊው ዞራ፣ በሽታ እንዳለበት ሰው።

ውሃው ውስጥ መረብ ቀርቷል። ዓሚ ኻሚስ ብቻቸውን መጎተት ይጀምራሉ፣ ከባድ ነው፣ ያንሸራትታቸዋል፣ እሱ ይቆማል፣ ጠርተውት አይደለም፣ ልሂድ፣ ልቅረብ፣ ምን ፊት ይዤ፣ እግሩ ራሱ ይገባል፣ እስከ ጉልበቱ፣ እሱ የለቀቀው ውሃ ውስጥ፣ የመረቡን ሌላ ጫፍ ይይዛል፣ ሽማግሌው ያዩታል፣ ሳብ ሲያደርጉ ሳብ ያደርጋል፣ ገመዱ መዳፉን ይልጠዋል፣ ይሸታል፣ አይለቀውም።