የሦስት ሕዋሳት ልዩነት

ልጅ ስታሳድግ አራት ዓመት የቆየችው ሳይንቲስት ወደ ላቦራቶሪ ስትመለስ፣ ፈተናሽ የእርሾ ሕዋሳት መቁጠር ነው ሲሏት ሳቀች። እነሱ አልሳቁም።

"ሦስት ቀን እናይሻለን። ቁጥርሽ ከቴክኒሻኑ ቁጥር ጋር ከገጠመ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልገጠመ ግን ልጅሽን ሳሚልን" አሏት ኃላፊዋ። ሰው ሁሉ ከጀርባቸው፣ ሚሊሊትርን አሳጥሮ፣ "ሚሊ" ይላቸዋል፤ ሻያቸውን እንኳ በመለኪያ ብርጭቆ ነው የሚቀዱት።

አሠራሩ ቀላል ነው። እርሾው በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ መስታወት ላይ ይደረጋል፤ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ በሆዳቸው እየቆጠሩ፣ ሳይነጋገሩ ይጽፋሉ።

ሁለት ቀን አልገጠመም። ሁልጊዜ የእሷ ይበልጣል።

"ዶክተር" አላት ቴክኒሻኑ፣ መነጽሩን በራው ላይ ሰቅሎ፣ "አንቺ ስታዪው ይወልዳል እንዴ?"

"ከእኔ ጋር የዋለ ነገር መባዛቱ አይቀርም" አለችው።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ አፈጠጠችባቸው። የእሱ፦ አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። የእሷ፦ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥር። ትንንሾቹ ገጥመዋል። ትልልቆቹ በአንድ፣ በአንድ ብቻ ይበልጣሉ። ዝርክርክ ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ ዝርክርክ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ያጎድላል።

ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅና ድምፅ አውጥታ ቆጠረች። "አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሆፕ! ስምንት..."

ቴክኒሻኑ ከነወንበሩ ዞረ። "ሆፕ ደግሞ ስንት ነው?"

አፏን በእጇ ያዘች። የአራት ዓመት ልጇ የቤታቸው ሰባተኛ ደረጃ ላይ ወድቃ ግንባሯ ካበጠ ወዲህ፣ ያ ደረጃ አይረገጥም፤ ቁጥሩም አይጠራም። እናትና ልጅ እየቆጠሩ በወጡ ቁጥር ስድስት ላይ ሲደርሱ "ሆፕ!" ብለው ይዘሉና ስምንት ላይ ያርፋሉ። ይኸው መንፈቅ አለፋቸው።

መደበቅ ትችል ነበር። አንድ አንድ ቀንሳ ዝም ብትል ቁጥሩም ይገጥማል፣ ሥራውም ይገኛል። እሷ ግን መዝገቡን ስባ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አሰፈረች፦ "ከስድስት በላይ የቆጠርኩት ሁሉ በአንድ ይበልጣል። ምክንያት፦ ሰባትን እዘላለሁ። የምክንያቱ ምክንያት፦ ልጄ።" ፈረመችበት።

ሚሊ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሆዳቸው፤ ቀጥሎ ጠረጴዛው።

"በሃያ ዓመት ሥራዬ" አሉ፣ የሳቅ እንባቸውን በጋዋናቸው እጅጌ እየጠረጉ፣ "ሁሉም ስህተቱን በመሣሪያው ሲያላክክ ነው ያየሁት። እንዲህ ለክቶ ያስረከበኝ የለም። ሰኞ ጀምሪ።"

"እውነትዎን ነው?"

"ሁለት ሰዓት ተኩል። እንዳትዘልዪው።"

ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ኮሪደሩን በሩጫ አጋመሰችና ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ ተቀበሉኝ!"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" ጮኹ እናቷ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ቆይ ግን፣ ልጅቷን ያዢልኝ ስትዪኝ ሦስት ቀን ብቻ ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።"

"እማዬ..."

"ገባኝ፣ ገባኝ። እኔም ተቀጠርኩ በይኛ!"