ሦስተኛው ግድግዳ

ትንኝ አርቢዋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የወረቀት ኩባያዎቿን በመስኮቱ ሥር ደርድራ መቁጠር ጀመረች። ሌላው ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ፊቱን ይታጠባል፤ እሷ ሬሳ ትቆጥራለች። ሥራዋ ይኸው ነው፦ ፀረ ወባ ኬሚካል የተረጨ ግድግዳ ላይ ትንኞቿን በፕላስቲክ ኮን ከድና ግማሽ ሰዓት ታሳርፍና፣ በማግስቱ ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ እንደተረፈ ትመዘግባለች።

ከመጀመሪያው ቤት ሠላሳ፤ ሠላሳውም ሞተዋል። ከሁለተኛው ቤት ሠላሳ፤ የሞቱት አሥራ ሰባት። ከሦስተኛው ቤት ሠላሳ፤ የሞቱት ሁለት። የቀሩት ሃያ ስምንቱ ጅራታቸውን ወደ ላይ ቀስረው መረቡ ላይ ተለጥፈዋል፤ አንዷ እንዲያውም በስኳር ውሃ የተነከረውን ጥጥ ትመጥጣለች። ምንም ያልነካቸው፣ ለማነጻጸሪያ የተቀመጡት በአራተኛው ኩባያ ነበሩ፤ ከእነሱ የሞተችው አንዲት ብቻ ናት።

ደግማ ቆጠረች። ያው ነው። ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

አለቃዋ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ገባና በትከሻዋ በኩል መዝገቡን አነበበ።

«በቃ፣ ‹ትንኙ ኬሚካሉን ተላምዷል› ብለሽ ጻፊው። ዘንድሮ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው።»

«እነዚህ እኮ እኔ ያሳደግኋቸው ናቸው፣ ጋሼ። አያት ቅድመ አያታቸው ከዚህ ክፍል ወጥተው አያውቁም። ያላዩትን ነገር እንዴት ይላመዱታል?»

«እንግዲያው ኬሚካሉ ደካማ ነው በይ።»

«በመጀመሪያው ቤት አንድም አላስተረፈም።»

አለቃዋ ሻዩን ፉት አለ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምክንያቱን ጽፈሽ አምጪ። የርጭት ቡድኑ ነገ ወደ ሌላ ሰፈር ይሻገራል። እኔ ጭቅጭቅ ሰልችቶኛል።»

እሷንም ሰልችቷታል። ግን የሦስተኛው ቤት ትንኞች ትናንት ማታም ሲበሩ ስላየች ምክንያቱን ከሌሊት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ መቁጠሯ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብላ ነው። ረጪ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥሩንና ቀኑን ይጽፋል። ሦስቱ ቤቶች ጎረቤታሞች ናቸው፤ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ታንክ፣ ተራ በተራ ተረጭተዋል። ሦስቱም በር ላይ የተጻፈው ሰባት ቁጥር ነው።

ሰባት ቁጥር ታላቅ ወንድሟ ነው።

የኬሚካሉ ዱቄት ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ታንኩ በየቤቱ መሀል ካልተናጠ ይዘቅጣል፤ ቱቦው የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ቤት ዝቃጩን ይወስዳል፤ ሦስተኛው ቤት ውሃ ይደርሰዋል። ሴት ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ ይከብዳታል፤ ሩቅ መብረር ስለማትችል እዚያው ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ርጭት የሚጠብቀው ያችን ዕረፍት ነው። ሦስተኛው ቤት ግን ትንኟ እንደ ልቧ ታርፋለች። ትናንት ኮኖቹን ስትለጥፍ እዚያ ቤት አንዲት አራስ ተኝታ ነበር፤ የአራሷ እናት «መድኃኒቱን እንኳን ቢንቢው እኛም ለመድነው» ብላ ስቃ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ረጪዎቹ ዕቃቸውን ወደሚያጥቡበት ግቢ ሄደች። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ታንክ ያለቀልቃል።

«እህትዓለም! የትንኝ እናት! ልጆችሽ ደህና ናቸው?»

«ሃያ ስምንቱ ደህና ናቸው። ጣጣውም እሱ ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ወንድምዓለም፣ እስቲ ውሃ ሙላና ታንኩን ናጥልኝ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት የናጥኩትን ዛሬ ልትፈትኚኝ ነው?»

«አዎ።»

ሞላው። በሁለት እጁ ይዞ እስከ ወገቡ አነሳው፤ አንዴ ወዘወዘውና ቀኝ ትከሻው ከዳው። ታንኩ መሬቱን መታ። አጠገባቸው የነበረው ረጪ ዞር ብሎ አየና እንዳላየ ሆነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ርጭቱ ከተጀመረ ከአራተኛው ቀን። ስሞላው አንዴ እንጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ክንዴ አይታዘዘኝም።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬ ታንኩን ይውሰዱብኝ? ልጆቼ እኮ የሚያውቁኝ ታንክ ተሸክሜ ነው።» ተገልብጦ የተቀመጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል እያልኩ ነው የከረምኩት።»

አጠገቡ ተንበረከከች። «አለቃዬ ‹ትንኙ ተላምዷል› ብለሽ ጻፊ ብሎኛል።»

ወንድሟ የወደቀውን ታንክ በእግሩ አቀና። «ብትጽፊው ምን ይሆናል?»

«አንተ ነገ ታንክህን ይዘህ ትሻገራለህ። የቤቶቹ ሰዎች ውሃ እንደተረጨላቸው ክረምቱን ያሳልፋሉ።»

«ሦስተኛዋ ቤት… አራሷ ያለችባት ናት?»

«እሷው ናት።»

በግራ እጁ ፊቱን ከላይ እስከ ታች አበሰ። «ብዕርሽን አውጪ። በየታንኩ የመጀመሪያውን ቤት ተዪው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እነግርሻለሁ። አንደኛው በሩ ጎማ የተደገፈበት ነው። ቀጥሎ ደንቆሮው ልብስ ሰፊ። ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

ትከሻው ከታመመ ወዲህ የረጫቸውን የሰባት ቀን ቤቶች አንድ በአንድ፣ ከነ በራቸው፣ ከነ ውሻቸው ቆጠረላት። አርባ ሁለት ሆኑ። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «ታንኩ አልተናጠም፤ ሰባት ቁጥር፤ በትከሻ ሕመም» ብላ ስትጽፍ አንገቱን አስግጎ አነበበና «ሕመሙን እንኳ ባትጽፊው» አለ።

«የሆነውን ነው የምጽፈው።»

«እሺ። ዓይንሽ ቀልቷል፣ ሂጂና ተኚ።»

«ሪፖርቱን ሳላስገባ?»

አለቃዋ ሪፖርቱን ሁለቴ አነበበና ፈረመበት። ቡድኑ አልተሻገረም። በማግስቱ የወንድሟን ታንክ አንድ ጎረምሳ ረጪ አነገተው፤ ቤቶቹን ለይቶ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ወንድሟ ባዶ እጁን ከፊት ከፊት እየሄደ በር እንዲያንኳኳ ተደረገ። እሷም ኮኖቿንና ኩባያዎቿን ይዛ ተከተለች።

የመጀመሪያዋ ባለቤት በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«ደግሞ ዕቃ አውጡ ልትሉን ነው? ባለፈው ሳምንት አስወጥታችሁን የለ!»

«እውነትሽን ነው፣ እናቴ» አለ ወንድሟ። «ያኔ የረጨሁልሽ ውሃ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ መድኃኒት ነው።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ እያጉረመረመች ፍራሿን ልትጎትት ገባች። እሱም ወደሚቀጥለው በር አለፈ። አርባ አንድ ይቀራል።