ብረቱ የተኛበት ተሳቢ

ነፍሱን ይማረውና በያጁ ብረቱ አንድ አልጋ በይዶ ሲጨርስ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ጫማውን አውልቆ ይተኛበት ነበር። ገዢው በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅም ግድ የለውም። ለይምሰል ጋደም ማለት አይደለም፤ የምር እንቅልፍ ነው። ካንኮራፋ አልጋው ፈተናውን አለፈ ማለት ነው። ያኔ ሚስቱ ከጓሮ ብቅ ትልና፣ «በቃ፣ ውሰዱት፤ እሱን ብቻ ቀስቅሱልኝ» ትላለች። እንቅልፍ እምቢ ካለው ግን የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ላልቷል፤ አልጋው ተመልሶ እሳት ይገባል። የሠራው በር ከሆነ ይንጠለጠልበታል፣ የመስኮት ፍርግርግ ከሆነ እስከ ጫፉ ይወጣበታል። ከመንገዱ ማዶ የእንጨት አልጋ የሚሠራው አናጢ፣ «እኔ እንኳ እንቅልፉን ለገዢው ነው የምተወው» እያለ ይተርበው ነበር።

ብረቱ ያለው ሰፈሩ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም በዚያ ስም የምትጠራው ስትቆጣ ነው።

በዕድሜው ሠርቶ ያልፈተነው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተሳቢው። ባለሁለት ጎማ ነው፤ ከመኪና ኋላ እየታሰረ ዕቃ ይጎተትበታል። አጥንቱ ከአሮጌ አልጋዎች የተረፈ ብረት ነው። ጎማዎቹ ገደል ከገባ ሚኒባስ የተነቀሉ ናቸው። የቀኝ ጎኑ ደግሞ ከተዘጋ የጥርስ ሐኪም ቤት የወረደ ታፔላ ስለሆነ፣ ተሳቢው በዚያ በኩል ለሚያየው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ዝገት አንዱን የፊት ጥርሱን በልቶታል። እንዲህ ሆኖ ከጓሮ ከልብስ መስጫው ገመድ ስር ቆሞ ከርሟል።

አንድ ቀን የሚስቱ ታናሽ ወንድም መጣ። ፒካፕ ነጂ ነው፤ የመኪናውን ጡሩምባ ሲነካ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ቤት ልቀይር ነው» አለ። «ከቁልቁለቱ ታች ተገኘልኝ። ሚስቴና ልጆቹ ከኔ ጋር ከፊት ይቀመጣሉ፤ ፒካፑ አልጋዎቹን ይይዛል። ቁም ሳጥኑና ምድጃው ግን ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው።»

«ተሳቢው እያለልህ ትጨነቃለህ?»

«እሱን ብዬ ነው የመጣሁት። ብቻ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ቁልቁለቱም እንደምታውቀው ነው። ደህና ነው?»

ብረቱ ስለ ገዛ ጤናው ቢጠየቅ ይሻለው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አናጢው እየሰማ፣ «እኔ የበየድኩት አይላቀቅም፤ ብረቱ ራሱ በሌላ በኩል ይሰበራል እንጂ» ሲል የኖረ ሰው ነው። «ና እየው» ብሎ ወደ ጓሮ ቀድሞ ገባ።

ቀድሞ በመግባቱም ቀድሞ አየ። መጎተቻው ዘንግ ከተሳቢው ሆድ ጋር የተበየደበት ቦታ፣ አንገቱ ላይ፣ የሻይ እድፍ የመሰለ ቀይ ቀጭን መስመር ይታያል። ብየዳው ተሰንጥቋል። የሱ ብየዳ። ገና ምን ላድርግ ብሎ ሳያስብ ቀኝ እግሩ በራሱ ፈቃድ ተነስቶ መስመሩ ላይ ጉብ አለ።

ሹፌሩ ተከትሎት ገባ። ጎንበስ ብሎ ዞረው፤ ብረቱም እግሩን እንደተከለ በአንገቱ ብቻ አብሮ ዞረ።

«እዚህ ጋ ዝገት አለ፣ ጋሼ።»

«ዝገት አይደለም፤ ቀለሙ ነው።»

«ጎማውም ተሰነጣጥቋል።»

«ሰውስ ሲሸመግል ፊቱ አይሸበሸብም? መራመድ ግን አልተወም።»

ሹፌሩ ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ጎማው ቀጭ ቋ አለ።

«ኩሽኔታው ያለቀ ይመስላል።»

«ሰላም እያለህ ነው፤ መልስለት።»

ሚስቱ ከተሰጡት ልብሶች መሃል ብቅ አለች። «ሻይህ ቀዘቀዘ።»

«እዚሁ አምጪልኝ።»

«እግርህን ምን ሆንክ?»

«ምንም። አርፎ ነው።»

«እዚያ ላይ?»

«የሚያርፍበትን መርጠሽ ልትሰጪው ነው?»

ሚስቱ እግሩን አየች፣ ቀጥላ ወንድሟን አየች። ወንድሟ ሰማዩን አየ። በአጥሩ ላይ የአናጢው ራስ ብቅ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይጠራ ይሸተዋል።

«ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን ያደርጋል?» አለች ሚስቱ። «አልጋ ሠርተህ ሳትተኛበት ሸጠህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ተኛበት። እሱ ያስረው፣ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ ጎትቶህ ይምጣ። እንቅልፍ ከወሰደህ የልጆቹን ቁም ሳጥን እንጭንበታለን።»

«ኧረ እህቴ፣ አያስፈልግም» አለ ሹፌሩ።

«ፍራሽ እኔ አውሳለሁ» አለ አናጢው ከአጥሩ ላይ።

 ብረቱ ያሰበው ዛሬን በእግሩ ሸፍኖ፣ ነገ ማንም በሌለበት ሊበይደው ነበር። አሁን እምቢ ቢል ለምን ይባላል፤ ለምን ከተባለ እግሩን ማንሳት አለ። «ጎትቱኝ» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ዘንጉን ግን ማንም እንዲነካበት አልፈለገም። ኮፍያውን አውልቆ ስንጥቁ ላይ ደፋበትና እግሩን ቀስ ብሎ አነሳ።

«ኮፍያው ምን ይሠራል?» አለ አናጢው።

«ፀሐይ እንዳይመታው ነው።»

«ዘንጉን?»

«ያንተን እንጨት አይደል ፀሐይ የሚያጣምመው። አንተ ፍራሽህን አምጣ።»

ይህን ሲባባሉ ሚስቱ ገና ውሃ የሚያንጠባጥበውን ልብስ ከገመዱ ላይ እየሰበሰበች ነበር። ብረቱ አይቶ ገረመው። ዝናብ የለ፣ ምን የለ። የሷን ነገር ለመጠየቅ ግን ጊዜውም አቅሙም አልነበረውም።

ተሳቢው ከፒካፑ ጋር ተያያዘ። ብረቱ ሥርዓቱን አላጎደለም፤ ጫማውን አወለቀ፣ ፍራሹ ላይ ወጣ፣ ራሱን ወደ መኪናው አድርጎ በጀርባው ተዘረጋ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። እህትና ወንድም ከራስጌው በኩል ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ሲነካኩ ሰማ። ቀና ብሎ እንዳያይ ለመተኛት የሚሞክር ሰው ሆኖ ነበርና ዓይኑን ጨፈነ።

ፒካፑ በሰው እርምጃ ተንቀሳቀሰ። መንገድ ዳር የነበሩት ሰዎች ተነሱ። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«መቼ ነው ያረፈው?» አሉ።

«ገና ነው፤ እየሞከረ ነው» አለ ከጎን ከጎን የሚከተለው አናጢ።

ብረቱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ምድርም ሩቅ ነበረች፤ ከበታቹ ያለው የሱ ብየዳ ነው። ጆሮው ልክ የተሳቢው አንገት ላይ ነው የተኛው። መኪናው ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ ከታች፣ ቅጭ፣ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቅጭ። ብረቱ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ በሌሎች ሰዎች ብየዳ ላይ ሰምቶ ስንት ጊዜ ስቆበታል። ለመተኛት የምር ሞከረ። ባሰበት። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ቁም ሳጥኑ እሱ የተኛበት ቦታ ላይ ቆሞ ይታየዋል፤ ከፊት ደግሞ ትንሿ ልጅ እናቷ ጭን ላይ ሆና በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች። ቅጭ።

ከተነሳ ሰፈሩ አለ። ካልተነሳ ቅዳሜ አለ።

መኪናው ቆመ። የቁልቁለቱ አፍ ነው። ሹፌሩ ራሱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ልውረድ ወይስ ልመለስ?» አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

ብረቱ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ደንግጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እንዳትወርድ» አለ። «ብየዳዬ ተሰንጥቋል።»

 ብረቱ የጠበቀው ሳቅ ከአናጢው እንኳ ሳይመጣ ሲቀር ጊዜ ጭራሽ አፈረ።

«አውቃለሁ» አለ ሹፌሩ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ትናንት ልብስ ላደርስላት መጥቼ አየሁት። ለእህቴም ነገርኳት።»

«ታዲያ እያወቅክ ነው የጎተትከኝ?»

«በዝግታ ነው የጎተትኩህ። ደግሞ ዝቅ ብለህ እየው።»

ብረቱ ዝቅ ብሎ አየ። ከተሳቢው ሆድ እስከ ፒካፑ ድረስ፣ በዘንጉ ስር፣ የሚስቱ የልብስ መስጫ ገመድ አራት አምስት ዙር ታስሯል። አንድ የልብስ መቆንጠጫም እንደተሰካበት ቀርቷል።

«አንተን ብየዳህ ተሰነጠቀ ብሎ ማን ይናገርሃል?» አለ ሹፌሩ። «ራስህ እስክትሰማው ጠበቅን።»

ተሳቢው ተፈቶ በእጅ እየተገፋ ተመለሰ። ብረቱ ከፊት ዘንጉን ይዞ ባዶ እግሩን፣ አናጢው ከኋላ። ጓሮ ሲደርሱ ሚስቱ እርጥብ ልብሶቹን በወንበር፣ በበርና በአጥር ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። በእናቱ ስም ጠራችው።

«እግርህ አረፈ?» አለችው።

«ገመድሽን እመልሳለሁ» አለ ብረቱ።

በማግስቱ ተሳቢውን ወደ ጓሮ አላስገባውም። የሚበይድበት ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አቁሞ የተሰነጠቀውን ብየዳ ቆርጦ ጣለው። በላዩ ላይ ደርቦ መበየድ ይቀለው ነበር፤ አላደረገውም። ከግራና ከቀኝ ወፍራም ብረት ደግፎ እንደ አዲስ በየደው። ኩሽኔታዎቹን ቀየረ፣ ጎማዎቹን ቀየረ፣ ያልበየደውንም ያልነካውንም ቦታ ሁሉ በመዶሻ እየመታ ጆሮውን እየደቀነ አዳመጠ። የሚያልፍ ሰው ምን ሆኖ ነው ሲለው፣ «የኔው ብየዳ ተላቅቆ ነው» ይላል። መጀመሪያ ላይ ቃሉ አፉ ውስጥ ይጎረብጠው ነበር፤ ወደ ማታ ግን ሳይጠየቅም መናገር ጀመረ። ሲጨርስ ታፔላው ላይ የተበላው የፊት ጥርስ አላስችል አለውና አብረቅራቂ ቆርቆሮ በይዶ የብር ጥርስ ተከለለት።

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሩ ከነሚስቱና ከነልጆቹ መጣ። ዕቃ ከመጫኑ በፊት ብረቱ ማንም ሳያዝዘው ፍራሹን ዘረጋ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ወጥቶ ተኛ። የልብስ መስጫው ገመድ ግን በዘንጉ ስር ዳግመኛ ታሰረ፤ ያሰረው ራሱ ነው።

ልጆቹ ከእናታቸውና ከአክስታቸው ጋር ጓሮ ቀሩ። ሹፌሩ ቁልቁለቱን እስከ ታች ወረደ፣ ዞረ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን ቀስ ብሎ አጠፋ።

ሚስቱ ደረቅ አንሶላ በእጇ ይዛ ወጣች። «እንዴት ነው?»

ሹፌሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ያኔ ሁሉም ሰሙት። ከተሳቢው ውስጥ፣ ከሚስቀው አፍ ኋላ፣ ወፍራም ማንኮራፋት ይመጣል።

«በቃ፣ ውሰዱት» አለች ሚስቱ። የቀረውን ግን አልጨረሰችውም።

«ልቀስቅሰው?» አለ ሹፌሩ በሹክሹክታ።

«ቁም ሳጥኑ የትም አይሄድም» አለችው። አንሶላውን ዘርግታ አለበሰችው።

አናጢው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «እስከ ደረቱ ብቻ» አላት። «ሰው ይሳሳታል።»

እሷም አንሶላውን ከአገጩ ወደ ደረቱ መለስ አደረገችው፣ ጫማውን ከፀሐይ አንስታ ጥላ ስር አስቀመጠችው፣ እስኪነቃም ድረስ ሁሉም በሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።